አክናተን፦ «አንድ አምላክ ብቻ ይመለክ» ያለው ፈርዖን



ኦሪት ዘጸአትን ማጥናት ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣ ነው። ስልክ ላይ ከሚዞሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ያገኛችሁት ይመስላል። «አንድ አምላክ ማምለክን ለዓለም ያስተማረው ሙሴ ሳይሆን አክናተን የሚባል የግብፅ ፈርዖን ነው፤ ሙሴ ከእሱ ነው የቀዳው» ይላል ነገሩ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ሰምታችሁ ደንግጣችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «እንዲህ የሚባል ንጉሥ ጭራሽ አልነበረም፤ ፈጠራ ነው» ብላችሁ ተከራክራችኋል።

ሰውየው ነበረ። ከተማው፣ መዝሙሩ፣ የሠራተኞቹ አጥንት ሳይቀር ተገኝቷል። ስለዚህ «የለም» ብሎ መከራከሩ አያዋጣም። ማን እንደነበረ፣ አምላኬ የሚለውም ምን እንደነበረ እንይ፤ ከዚያ ወደ ሙሴ እንመለሳለን።

ስሙን የቀየረው ንጉሥ

ሲነግሥ ስሙ አሜንሆቴፕ ነበር፤ በታሪክ መጻሕፍት አራተኛው አሜንሆቴፕ ይባላል። ትርጉሙ «አሙን ረክቷል» ማለት ነው። (እግረ መንገዳችንን፤ ስሙ ውስጥ ያለው «አሜን» እኛ በጸሎት መጨረሻ የምንለው አሜን አይደለም። እሱም ሌላ የቪዲዮ ወሬ ነው። የእኛ አሜን የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ «እውነት ነው፣ ይሁን» ማለት ነው። አሙን ግን የግብፆች ጣዖት ስም ነው።) አባቱ ሦስተኛው አሜንሆቴፕ፣ እናቱ ንግሥት ቲይ ናቸው። የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350ዎቹ አካባቢ ሲሆን 17 ዓመት ያህል ገዝቷል። ሚስቱ ያቺ ምስሏን ብዙ ቦታ የምታዩት ነፈርቲቲ ናት። ስድስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

በዚያን ዘመን ግብፅ በሀብትም በጉልበትም ጫፍ የደረሰች አገር ነበረች። እጇ በደቡብ እስከ ኑቢያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ሱዳን፣ በሰሜን ደግሞ እስከ ሶርያ ይደርሳል። አማልክቷ ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የከበረው ግን አሙን ነው። ቤተ መቅደሱ ካርናክ ላይ፣ ዛሬ ሉክሶር በምትባለው ከተማ ነው። ፈርዖኖች ጦርነት ባሸነፉ ቁጥር ከምርኮው ለአሙን ቤት ይሰጡ ስለነበር ቤተ መቅደሱ መሬት፣ ከብት፣ መርከብና ብዙ ሠራተኛ ያለው ትልቅ ባለሀብት ሆኖ ነበር። የአሙን ካህናት ቃል ከንጉሥ ቃል ጋር የሚመዘንበት ጊዜ ነው።

«አተን» የሚለው ቃል ደግሞ የምናያትን የፀሐይ ክብ ማለት ነው። አክናተን የፈጠረው ነገር አይደለም። ግብፆች ፀሐይን ከጥንት ጀምሮ ያመልኩ ነበር፤ የአባቱ የንጉሡ ጀልባ ራሷ በአተን ስም ትጠራ ነበር። አዲስ የሆነው ነገር «ከብዙዎቹ አንዱ» የነበረውን «ብቸኛው» ማድረጉ ነው።

መጀመሪያ እዚያው ካርናክ፣ በአሙን አጠገብ፣ ለአተን ሠራ። በነገሠ በአምስተኛው ዓመት አካባቢ ግን የአሙንን ስም ከራሱ ላይ አውልቆ ጣለና አክናተን ተባለ፤ «ለአተን የሚጠቅም» እንደ ማለት ነው። ከዚያም ከተማውን ጥሎ ወጣ። ከካይሮ ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዓባይ በስተምሥራቅ፣ ማንም ያልሰፈረበት ባዶ በረሃ መረጠ። አዲሲቱን ከተማ አኬታተን፣ «የአተን አድማስ» አላት። ዛሬ ቦታው ቴል ኤል አማርና ይባላል። በዙሪያው ባለው ገደል ላይ ወሰኑን የሚያመለክቱ ትልልቅ ጽሑፎች አስቀርጿል፤ ቦታውን ያሳየኝ አባቴ አተን ነው እንጂ ባለሥልጣንም ሌላ ሰውም አልመከረኝም የሚል ቃል አለባቸው።

በኋላ ነገሩ እየከረረ ሄደ። መሮ የያዙ ሰዎች በየአገሩ እየዞሩ የአሙንን ስም ከድንጋይ ላይ ፋቁ። የገዛ አባቱ ስም ውስጥ አሙን ስላለበት የአባቱንም ስም ፋቁ። አንዳንድ ቦታ «አማልክት» የሚለው የብዙ ቁጥር ቃል ራሱ ተፍቋል። የሚገርመው፣ ስሙ በትንንሽ የግል ዕቃዎች ላይ ሳይቀር ተፍቆ ተገኝቷል፤ የኩል ማስቀመጫ በመሰለ የቤት ዕቃ ላይ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ከፍርሃት የተነሣ ራሳቸው ሳይፍቁት አይቀሩም።

እጅ ያላት ፀሐይ

የአተን ሥዕል እንደ ሌሎቹ የግብፅ አማልክት የሰው ወይም የእንስሳ መልክ የለውም። አንድ ክብ ፀሐይ አለች፤ ከእርሷ ጨረሮች ይወርዳሉ፤ የእያንዳንዱ ጨረር ጫፍ ትንሽ እጅ ነው። እጆቹ የሕይወት ምልክት ይዘው ይዘረጋሉ። ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ብታዩት ያምራል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሕይወት ምልክቱ የሚቀርበው ወደ ማን አፍንጫ ነው? ወደ ንጉሡና ወደ ንግሥቲቱ። በሥዕሉ ላይ አገልጋዮች አሉ፣ ወታደሮች አሉ፣ መሬት ላይ ተደፍተው የሚሰግዱ የውጭ አገር ሰዎችም አሉ። ሕይወት የሚሰጠው እጅ ግን ወደ እነርሱ አይደርስም።

ቤተ መቅደሱም ከቀድሞዎቹ ይለያል። የድሮዎቹ ውስጣቸው ጨለማ ነበር፤ የአተን ግን ጣሪያ የለውም፤ በመቶ የሚቆጠሩ የመሥዋዕት ጠረጴዛዎች ሜዳ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይመታቸዋል። ሰዉም አብሮ ይመታል። ለዚህ ደግሞ ማስረጃ አለ። የአሦር ንጉሥ ለግብፁ ንጉሥ፣ ለዚሁ ለአክናተን እንደሆነ ለሚታመነው፣ የላከው ደብዳቤ ተገኝቷል። መልእክተኞቼን ለምን ፀሐይ ላይ አቁመህ ትገድልብኛለህ፤ በፀሐይ መቆማቸው ለንጉሡ የሚያስገኝለት ጥቅም ካለ መልካም ይቁሙና ይሙቱ፤ ጥቅም ከሌለው ግን ስለ ምን ይሞታሉ ብሎ ይሞግታል። በነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ግንባታ ቦታ የቆማችሁ ወንድሞች ይህን ደብዳቤ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም።

ደብዳቤው ከብዙዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 አንዲት የመንደር ሴት ለማዳበሪያ የሚሆን አፈር ስትቆፍር አገኘችው ይባላል፤ በጠቅላላው 380 ያህል የሸክላ ሰሌዳዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በአካድኛ የተጻፉ። ብዙዎቹ ከከነዓን ከተሞች የመጡ ናቸው። ሊባኖስ የሠራችሁ ጁበይልን ታውቋታላችሁ፤ ከቤይሩት በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ያለችው። የጥንት ስሟ ቢብሎስ ነው። ገዥዋ ሪብ ሃዳ ጠላት ከበበኝ፣ እህል አለቀብኝ፣ ወታደር ላክልኝ እያለ ወደ ግብፅ ስልሳ ያህል ደብዳቤ ጽፏል። የኢየሩሳሌም ገዥም አብዲ ሄባ እንዲሁ ይለምናል። አንድ ሰው ያንን ያህል ጊዜ ከጻፈ መልስ አላረካውም ማለት ነው።

መዝሙሩና ዳዊት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። አዪ የሚባል የአክናተን ባለሟል አማርና ላይ ባሠራው መቃብር ግድግዳ ላይ ለአተን የተደረሰ ረጅም መዝሙር ተቀርጿል። ጥሩ መዝሙር ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ተነሥቶ ታጥቦ ለብሶ ወደ ሥራው መሄዱን፣ ወፎች ከጎጇቸው መብረራቸውን፣ መርከቦች ወደ ላይና ወደ ታች መቅዘፋቸውን፣ ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ሆና እስትንፋስ ማግኘቷን ይናገራል። የውጭ አገሮችን፣ ሶርያንና ኩሽን፣ ከግብፅ ጋር አብሮ ይጠራል። የሰዎች ቋንቋና የቆዳ ቀለም የተለያየ መሆኑ ከአምላክ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቦታውን እንደሰጠው፣ ዓባይ ለሌላቸው አገሮችም በሰማይ ዓባይ፣ ማለትም ዝናብ እንዳደረገላቸው ይዘምራል። (ኩሽ እዚህ ላይ ኑቢያ ነው፤ የዛሬው ሱዳን። «አገራችን በመዝሙሩ ተጠቅሳለች» ብለን እንዳንቸኩል።)

ዳዊት የምትደግሙ ወዲያው መዝሙር 103 ትዝ ብሏችኋል። (ቁጥሩ በአንድ ከፍ በሚልባቸው መጽሐፍ ቅዱሶች 104 ነው።) እዚያም አንበሶች በሌሊት ይወጣሉ፣ ሰው በጠዋት ወደ ሥራው ይሄዳል፣ መርከቦች ይሄዳሉ፣ ፍጥረት ሁሉ ምግቡን ከአምላክ ይጠብቃል። መመሳሰሉን ሊቃውንት ካስተዋሉት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዱ ከሌላው ቃል በቃል ገልብጧል የሚያሰኝ ግን አይደለም። በግብፅና በከነዓን መካከል ጸሐፊ፣ ነጋዴ፣ ዘማሪ ሲመላለስ ኖሯል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወደ ሥራ እንደሚሄድ ለማየትም ግብፃዊ መሆን አያስፈልግም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ታገኛላችሁ፤ ሌሊቱ ላይ። በአክናተን መዝሙር ፀሐይ ስትጠልቅ ምድር እንደ ሞተች ትሆናለች። ሰዎች ተሸፋፍነው ይተኛሉ፤ ከራሳቸው ሥር ያለ ንብረታቸው ቢሰረቅ አያውቁም። አንበሳ ይወጣል፣ እባብ ይነድፋል። ለምን? ፈጣሪያቸው ሄዷላ! አምላኩ ፀሐይቱ ናት፤ ፀሐይቱ ከጠለቀች የለም። በዳዊት ግን ጨለማውንም ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ አንበሶቹ እንኳ በሌሊት ሲያገሡ ምግባቸውን የሚለምኑት እርሱን ነው። ፀሐይ ደግሞ አምላክ ሳትሆን መግቢያ ሰዓቷን የምታውቅ አገልጋይ ናት። ማዳም ተኝታ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እኩለ ሌሊት ላይ በኩሽና ውስጥ ብቻሽን ቆመሽ ጸሎት የምታደርሺ እኅቴ፣ ይህ ልዩነት ለአንቺ የቃላት ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት ከመዝሙሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። አክናተን አምላኩን ከእኔ ከልጅህ በቀር የሚያውቅህ የለም ይለዋል። ይህን ሐሳብ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሶርያን የፈጠረ፣ ኩሽን የፈጠረ፣ ጫጩቱን በእንቁላል ውስጥ የሚመግብ አምላክ፤ የሚያውቀው ሰው ግን አንድ፣ እሱም ንጉሡ። በመዝሙሩ ውስጥ አተን ራሱ አንዲት ቃል አይናገርም። ለሰዎች ትእዛዝ አይሰጥም፤ አታዳሉ፣ ደሃ አትበድሉ አይልም። አማርና ውስጥ ባለጸጎች ቤታቸው ያኖሩት የነበረው የጸሎት ድንጋይ የተቀረጸበት ንጉሡ፣ ሚስቱና ልጆቹ ከፀሐይዋ በታች ተቀምጠው ነው። ማለትም አምላክን የፈለገ ሰው መጸለይ ያለበት በንጉሡ ቤተሰብ በኩል ነበር።

ድሃውስ ምን አደረገ? ከከተማው ወጣ ብሎ የመቃብር ጠራቢዎቹ መንደር አለ። እዚያ በተቆፈሩት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቤስና ታወረት የሚባሉ የጥንት ትንንሽ አማልክት ተሥለው ተገኝተዋል፤ እናትን በወሊድ፣ ሕፃንን ከክፉ ይጠብቃሉ ተብለው የሚታመኑ። ንጉሡ ሌሎቹን አማልክት ሻረ፤ አዲሱ አምላኩ ደግሞ ለምጥ ላይ ላለች ሴት ጆሮ አልነበረውም። ሰዉ ወደ ለመደው ዞረ። ጣዖት ማምለክ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ ለምን እንዳልተዉት ግን ይገባኛል።

የሠራተኞቹ መቃብር

ይህን ክፍል ትንሽ በዝግታ አንብቡት።

ያ ሁሉ ከተማ፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር ተብሎ የሚገመት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው ከበረሃ ላይ የተነሣው። እንዴት ፈጠነ? ቤቶቹ ከጭቃ ጡብ ናቸው። ለቤተ መቅደሶቹ ደግሞ የአክናተን ሰዎች አዲስ ዘዴ አመጡ፤ እንደ ድሮው ግዙፍ ድንጋይ በመጎተት ፈንታ ድንጋዩን ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት፣ የዚያ ግማሽ ወርድ አድርገው ቆረጡት። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው ይችላል። ይችላል እንጂ ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይከብዳል። ሲሚንቶ በደረጃ ያወጣችሁ ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች በአማርና የተራ ሰዎችን መቃብር ቆፍረዋል። ሣጥን የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ በሰሌን ተጠቅልለው አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው። አጥንታቸው ሲመረመር በልጅነታቸው በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀጨጨ፣ በከባድ ሸክም አከርካሪያቸው የተጎዳ፣ መገጣጠሚያቸው ያለ ጊዜው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። ሽማግሌ የሚባል በጣም ጥቂት ነው። በአምስት ወንዶች የትከሻ አጥንት ላይ ከኋላ የተወጋ ቁስል ተገኝቷል፤ መርማሪዎቹ የቅጣት ምልክት ነው ብለው ያምናሉ።

በሰሜን በኩል ያለው ሌላው መቃብር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 ሲቆፈር ከተገኙት አጽሞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 25 ዓመት ነው፤ አብዛኞቹ 15 አልሞላቸውም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በተፈጥሮ ብዙም አይሞትም፤ ሕፃንና ሽማግሌ ነው የሚሞተው። አጥንታቸው ላይም የከባድ ሥራ ጉዳት አለ። ከአንድ በላይ ልጆች በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩበት አለ፤ ለመቃብሩ የሚሆን ዕቃ እንኳ አብሯቸው የለም። ቆፋሪዎቹ ያሰቡት እነዚህ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ለሥራ የመጡ ናቸው፤ ቀባሪያቸውም ቤተሰብ አይደለም ብለው ነው።

እዚያው ፀሐይ፣ እጆቿን የምትዘረጋዋ፣ በየጠዋቱ በላያቸው ወጥታለች።

ሌላም አለ። በ12ኛው ዓመት በኑቢያ፣ ያቺ በመዝሙሩ በደግ የተጠራችው ኩሽ፣ ሁከት ተነሣ ተብሎ ጦር ተላከ። ቡሄን በሚባል ቦታ የቆመው የድል ጽሑፍ የተማረኩትን ይቆጥራል፤ በእንጨት ላይ ተሰክተው የተገደሉ መኖራቸውንም ይጠቅሳል። መዝሙሩ ውብ ነው ስንል ይህንንም አብረን እንያዝ።

ከሞተ በኋላ

አክናተን በ1336 ዓመተ ዓለም አካባቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው፣ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ቱታንካተን የሚባል ልጅ ዙፋን ላይ ወጣ፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ስሙን ወደ ቱታንካሙን ቀየረ፤ አሙን ተመለሰ። በስሙ የቆመው ጽሑፍ ቤተ መቅደሶች ፈርሰው ሣር በቅሎባቸው እንደነበር፣ ሰው ወደ አምላክ ቢጸልይ እንደማይመጣለት ይናገራል። አዲሲቱ ከተማ ተለቀቀች። ቀጥለው የመጡት ነገሥታት ቤተ መቅደሶቹን አፍርሰው ድንጋዩን ለራሳቸው ግንብ መሙያ አደረጉት፤ የነገሥታት ስም ዝርዝር ሲጽፉም እርሱን ዘለሉት። በኋላ ዘመን አንድ የመሬት ክርክር ጽሑፍ ላይ ስሙ ላለመጥራት «የአኬታተን ጠላት» ብለው አልፈውታል። የሌላውን ስም ሲፍቅ ኖሮ የእርሱም ተፋቀ። ለእኛ የደረሰንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግንብ ውስጥ የተቀበሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች ቀለማቸው ሳይቀር ተጠብቆ በዘመናችን ወጡ።

ታዲያ ሙሴ?

ሙሴ የአክናተን ተከታይ ነበር የሚለውን ሐሳብ ገናና ያደረገው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው መጽሐፍ። ፍሮይድ የአእምሮ ሐኪም እንጂ የግብፅ ታሪክ ሊቅ አልነበረም፤ ሐሳቡንም አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ቪዲዮዎቹ ይህን አይነግሯችሁም።

ዘመኑን እንቁጠረው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 ከግብፅ መውጣት እስከ ሰሎሞን አራተኛ ዓመት 480 ዓመት ይላል። ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ስለሆነ ሙሴ ከአክናተን በፊት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ዘጸአት ምዕራፍ 1 ላይ የራምሴ ከተማ መጠቀሱን አይተው የሙሴን ዘመን ወደ ዳግማዊ ራምሴስ፣ ከ1279 እስከ 1213 ወደ ገዛው ያወርዱታል። በዚህኛው ቁጥር ደግሞ ሙሴ ሲመጣ የአክናተን ስም ከተፋቀ፣ ከተማው ባዶ ከሆነ ቆይቷል። በየትኛውም ብትሄዱ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ጽሑፍ አልተገኘም። «ሙሴ» የሚለው ስም ከግብፅኛ የመጣ ይመስላል የሚሉ ብዙ ሊቃውንት አሉ፤ ሊሆን ይችላል፤ በፈርዖን ቤት ያደገ ልጅ የግብፅ ስም ቢኖረው ምን ያስገርማል?

ለእኔ ግን ከዘመን ቆጠራው በላይ የሚያሳምነኝ አምላኩ ማንን ያውቃል የሚለው ነው። «አንድ» ማለት ብቻውን አያመሳስላቸውም። የአክናተን አንድ አምላክ የሚያውቀው ንጉሥን ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 3 ሙሴ የሰማው ድምፅ ግን ስለ ንጉሥ አይደለም የሚናገረው፤ ከአሠሪዎቻቸው የተነሣ የሚጮኹትን ሰዎች ጩኸት ሰምቻለሁ፣ ሥቃያቸውን አውቄአለሁ ይላል። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ጭድ ሳይሰጣቸው የጡብ ቁጥር እንዳይቀነስላቸው ተደረገ፤ አለቆቻቸው ተገረፉ። ያንን አንብባችሁ የአማርናን አከርካሪ አስቡ።

ሲና ላይ ከተሰጡት አሥርቱ ቃላት መካከል ደግሞ አንዱ ስለ ዕረፍት ቀን ነው። ዕረፍቱ ለጌታው ብቻ አይደለም። ወንድ አገልጋይህ፣ ሴት አገልጋይህ፣ በደጅህ ውስጥ ያለው መጻተኛም ይረፉ ይላል። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ምክንያቱንም ይጨምራል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና። ሴቲቱ አገልጋይና የውጭ አገሩ ሰው በሕጉ ውስጥ በስም ተጠርተው ገብተዋል። አማርና ውስጥ ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ ይህን የሚመስል የለም።

ለሚቀጥለው ዓርብ መዝሙር 103ን (104ን)፣ ዘጸአት ምዕራፍ 5ን እና ዘዳግም ምዕራፍ 5 ከቁጥር 12 እስከ 15 አንብባችሁ ኑ። የሌሊቱን ክፍል በመዝሙሩ ውስጥ ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ከእርሱ እንጀምራለን። ቪዲዮውን ያያችሁትም በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን። ከቤት መውጫ ፈቃድ ያላገኛችሁ እኅቶች ደግሞ ሐሳባችሁን በድምፅ ቀድታችሁ ለቡድኑ ላኩልን፤ ጉባኤው ላይ እናሰማዋለን።